የመሪጌታ ትከሻና የእኔ ተሃድሶ

በቅድሚያ ስለ ሙያዬ ጥቂት ልኩራራ። እኔ ሰው ሲራመድ ካየሁ የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው ከኋላው ሆኜ እናገራለሁ። ተምሬው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለት ዓመት አጠቃላይ የስፖርት ሳይንስ ተማርሁ፤ በሦስተኛው ዓመት ከፋፈሉንና «የስፖርት ቴራፒና የጉዳት ተሃድሶ» የሚባለው ደረሰኝ። ነገሩ ሲቃለል፣ ሰው ወድቆ ወይም ተሰብሮ ከዳነ በኋላ የደረቀ መገጣጠሚያውን እያፍታቱ፣ የሰለለ ጡንቻውን እያጠነከሩ ወደ ሥራው መመለስ ነው። ኳስ ተጫዋች ከሆነ ወደ ሜዳው፣ ገበሬ ከሆነ ወደ እርሻው።

የጡንቻ ስም በተማርንበት በመጀመሪያው ወር ያስቸገርሁት ሰው ብዛት አይነገርም። ምግብ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያለውን የማላውቀውን ልጅ «ግራ ዳሌህ ዝቅ ብሏል» ብዬው በትሪ ሊለኝ ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ እኔ ባለሁበት አንገታቸውን ማሸት ተዉ፤ አንዴ ከጀመርሁ ግማሽ ሰዓት እንደማልለቃቸው ያውቃሉ።

ችግሩ ታዲያ የመጣው ከስሙ ነው። በእኛ አገር፣ በቢቸና፣ «ተሃድሶ» ሲባል ትከሻና ጉልበት ትዝ የሚለው ሰው የለም። ትዝ የሚለው የአባቶቹን ሃይማኖት ውስጥ ውስጡን ሊቀይር የተነሳ ሰው ነው። ይህን አጥቼው አይደለም፤ የቢቸና ልጅ ነኝ። ግን አንድ ሴሚስተር ሙሉ «የቁርጭምጭሚት ተሃድሶ»፣ «የክርን ተሃድሶ» ስል ከርሜ ቃሉ አፌ ላይ ሌላ መልክ ያዘ። ለቤተሰቤ ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ድረስ «ስፖርት ነው የምማረው» ነበር የምላቸው። እናቴም «ኳስ ለመጫወት ይህን ያህል መንገድ?» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀችኝም ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ እያንዳንዳችን አንድ ተጎጂ ይዘን ለስድስት ሳምንት እንድናሠራ ታዝዘን ወደየአገራችን ተበተንን። ከመነሳቴ በፊት ለአባቴ ደወልሁላቸው። መስመሩ ቃል እየዋጠ አስቸገረኝ፤ እኔም እንደ ማንኛውም ብልህ ሰው ጮክ አልሁ።

«አባባ፣ የስፖርት ጉዳት ተሃድሶ ገብቻለሁ! በጣም ወድጄዋለሁ! ስመጣ ለሁላችሁም አስረዳችኋለሁ፤ ሥራዬን የምጀምረው ከእኛ ሰፈር ነው!»

ቆይተው «እሽ» አሉና ዘጉት። ደስታ አፋቸውን የያዛቸው መሰለኝ። በኋላ ስሰማ ለካ መስመሩ «የስፖርት ጉዳት» የሚለውን ውጦ ሌላውን በሙሉ አድርሶላቸው ኖሯል።

ቢቸና መናኸሪያ ስወርድ እናቴ ቆማ ትጠብቀኛለች። አቅፋኝ እያለች እጇ አንገቴ ላይ ሲሄድ ተሰማኝ፤ የናፍቆት መስሎኝ አንገቴን ዘንበል አደረግሁላት። እሷ የምትፈልገው ማተቤን ነው። ማተቤ ደግሞ የለም። በማሳጅ ልምምድ ጊዜ በሽተኛው ላይ እንዳይንጠለጠል ክር፣ ቀለበት፣ ሰዓት እናወልቃለን፤ እኔም አውልቄ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ረስቼዋለሁ።

«ማተብህስ?» አለች።

«አስተማሪያችን አውልቁ ብሎን ነው።»

ከዚህ የከፋ መልስ ልሰጥ እችል ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አልችልም ነበር። እናቴ ቦርሳዬ ላይ ቁጭ አለች። ቦርሳውን ከፍቼ ክሩን እንዳላሳያት እሷን ማስነሳት አቃተኝ።

ቤት ስንደርስ አባቴና የንስሐ አባታቸው ቄስ ይትባረክ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ፊቴን ትተው እግሬን ያያሉ። እኔም ስለ ትምህርቴ ሊጠይቁኝ የተቀመጡ ስለመሰለኝ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

«ልጄ» አሉ ቄስ ይትባረክ ረጋ ብለው፤ «ለመሆኑ ማን አስገባህ?»

«ዩኒቨርሲቲው ነው የመደበኝ አባ። በነጥብ ነው፤ ነጥቤ ጥሩ ስለነበር አገኘሁት።»

«ስንት ናችሁ?»

«ዘንድሮ ሠላሳ ስምንት ነን። በየዓመቱ እየጨመርን ነው።»

ከጓዳ የእናቴ «እሪ» ተሰማ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«የወደቀ ሰው እናነሳለን።»

«በምን?»

«መጀመሪያ ዘይት እንቀባዋለን። ከዚያ እጃችንን እንጭንበታለን።»

«እጅ ትጭናላችሁ?»

«ዋናው እሱ ነው አባ! ያለሱ ለውጥ የለም። አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይጮሃል፤ ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚነሳው።»

አባቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ቄስ ይትባረክ ግን አልተበገሩም።

«ከዚህ ሰፈርስ ማንን ልትይዝ አሰብህ?»

«ፈቃደኛ የሆነ ማንም ይሁን። እርስዎንም ቢሆን ደስ ይለኛል። አቀማመጥዎን አይቻለሁ፤ ቀኝ እግርዎ ደህና አይደለም።»

እግራቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱና መስቀላቸውን አወጡ። «እመቤታችንን ምን ትሏታላችሁ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ላቤ ከግንባሬ እስከ ተረከዜ ወረደ። ማስረዳት የሚገባኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ላስረዳ ብዬ «ኧረ አባ! የእኔ እኮ የጉልበት ተሃድሶ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

«ጭራሽ በጉልበት!» አሉ አባቴ ብድግ ብለው።

ከዚያ ወዲያ ያልሁትን የሰማኝ የለም። ቄስ ይትባረክ ረዥም ጊዜ አሰቡና ፍርድ ሰጡ። ሞጣ ያሉት የአባቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ልሳነወርቅ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቃል መመርመር የእሳቸው ሙያ ነው። ልጁ ወደ እሳቸው ይወሰድ፤ እሳቸው ያሉት ይጽና።

በማግሥቱ ከአባቴ ጋር ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅን አለፍን። ጉንደ ወይን መኪናው ሲቆም አባቴ ወርደው ዳቦ ይዘው ተመለሱና ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። ሲሰጡኝ አላዩኝም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ነው። ትልቁን ግማሽ ግን ለእኔ ነበር የሰጡኝ።

ሞጣ ስንደርስ አጎቴ ግቢያቸው ውስጥ ተማሪዎቻቸውን ዙሪያቸውን አስቀምጠው ያስተምራሉ። አገር ሁሉ የሚጠራቸው «የኔታ» ብሎ ነው፤ እኔም ከልጅነቴ የኔታ ነው የምላቸው። ተማሪዎቹ ዘወር እንዲሉ ተደረገ። አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ ልጁ ተሃድሶ ገብቶ መጣ» አሉ።

የኔታ ደነገጡ። «በስመ አብ!» ብለው ሊያማትቡ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። እጃቸው ጢማቸው ዘንድ ደርሶ ቆመ። ከዚያ አልወጣ አለ። ትከሻቸውን ወደ ጆሯቸው ሰቀሉ፣ ወገባቸውን ወደ ጎን አጠፉ፣ በመጨረሻ እጁ ወደ ግንባራቸው ስላልሄደ ግንባራቸውን አጎንብሰው ወደ እጃቸው አመጡት።

ክስ ላይ መሆኔን ረሳሁት። «የኔታ፣ ይህ ክንድ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሁ።

«የምትጠየቀው አንተ ነህ!» አሉ አባቴ።

«ዝቅ ሲያደርጉትስ ያምዎታል? ሌሊት በዚያ ጎንዎ መተኛት ይችላሉ?»

የኔታ እኔን አዩኝ፣ ወንድማቸውን አዩ፣ ከዚያ መሬቱን አዩ። ቀስ ብለው ተናገሩ። በክረምት የቤተ ክርስቲያኑ እርጥብ ደረጃ አንሸራቷቸው ክንዳቸው ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አጥንቱን አሳምሮ ገጠመው፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ ከደረታቸው ጋር ታስሮ ቆየ። ሲፈታ አጥንቱ ድኗል፣ ትከሻው ግን ተቆልፏል። ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን ማንሳት ስላልቻሉ ከፊት መቆማቸውን ትተው ከኋላ ይቆማሉ። ለመጪው የደብሩ ንግሥ ቦታቸውን ለሌላ መሪጌታ ሊለቁ ወስነዋል።

«ለማንም አልተናገርሁም» አሉ። «እጁን የማያነሳ መሪጌታ ምን ይመራል?»

አባቴ «ለእኔም?» አሉ። የኔታ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ሸፈኑ።

«የኔታ» አልሁ፤ «የእኔ ተሃድሶ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ትከሻ ማስተካከል። ሌላ ምንም የለበትም።»

የኔታን ሳቃቸው መጣ። ሲስቁ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው በግራ እጃቸው ደግፈው ነው የሚስቁት። «ሐደሰ ማለት እኮ አደሰ ማለት ነው» አሉ አባቴን። «ቃሉ ምን አጠፋ? ልጅህ ሃይማኖቱን አልቀየረም፤ አነጋገር ነው የማያውቅ።» አባቴ ለእናቴ ለመደወል እየሮጡ ወደ ውጭ ወጡ። ሲመለሱ «ማተቡን አስሮ ፎቶ ይላክልኝ ብላለች» አሉኝ። አሰርሁ፤ ተነሳሁ፤ ላክሁ።

በበነጋው የኔታን ሐኪም ቤት ወስጄ ራጅ አስነሳኋቸው። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ ይንቀሳቀስ ብሎ ከፈቀደ በኋላ ሥራ ጀመርን። ልቆጠብና ላልናገር እችል ነበር፤ ግን በደንብ ነው ያሠራኋቸው። ጠረጴዛ ላይ በግራ እጃቸው ተደግፈው ቀኛቸውን ያንጠለጥላሉ፤ «እንደ ዕጣን ጽና ይወዝውዙት» እላቸዋለሁ። ግድግዳ ላይ በጣታቸው እየዳኹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የደረሱበትን በከሰል ምልክት አደርጋለሁ። የትምህርት መጽሐፌ ደግሞ በሁለት እጅ ዱላ ይዞ ማንሳት ያዛል። ዱላ ፍለጋ የትም አልሄድንም፤ መቋሚያቸው ነበረ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ በሁለተኛው ሳምንት ፊታቸው ላብ በላብ ሆኖ፤ «እኔ ቅኔ ስማር እንኳ እንዲህ አልተሠቃየሁም።»

«ሕመሙ ሲበዛ ይንገሩኝ፤ እናቆማለን።»

«እሱማ በዝቷል። ቁጠር፣ ስንት ቀረኝ?»

ተማሪዎቻቸውም ቀስ በቀስ ከእኛ ጋር ክንዳቸውን ማወዝወዝ ጀመሩ። አንዱ ጎበዝ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን የከሰል ምልክት የዘመን ቀመር መስሎት ተቀምጦ ሲገለብጥ አገኘሁት።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የኔታ እጅ ዓይናቸው ላይ ደረሰ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ገበያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ለአስተማሪዬ ደወልሁ። መስመሩ አሁንም ቃል ይውጣል። እኔም አሁንም ጮክ አልሁ። ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚሉት ስለ እኔ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ተረድታችኋል።

«የመሪጌታ ተሃድሶ በጣም ጥሩ እየሄደ ነው! አዎ! በፊት ሰምተው ደንግጠው ነበር፤ አሁን ከእኔም ብሰዋል፣ ጠዋትና ማታ ነው! ተማሪዎቻቸውም ጀምረዋል! አዎ፣ በመቋሚያ ነው የምናደርገው!»

ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀርቷል። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። «የትከሻ ነው» አልሁ ለሁሉም። ሁሉም ተጣድፈው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን የሰበካ ጉባኤው መሪጌታ ልሳነወርቅን ለእሁድ በደብዳቤ ጠራቸው። አጎቴ ወረቀቱን አንብበው ጨረሱና ምን ብዬ እንደተናገርሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፤ አንድም ቃል አልደበቅሁም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ግንባሬ ላይ ለመድረስ ስንት ጣት ቀርቶኛል?»

«ሁለት ጣት።»

«እስከ እሁድ ይደርሳል?»

አፌ ላይ የመጣው «ይደርሳል» ነበር። የእሳቸው ስም የጠፋው በእኔ ነው፤ እጃቸው ግንባራቸው ላይ ቢደርስ ነገሩ ሁሉ ያልቅልናል። ግን ትከሻ ስብሰባ አለብኝ ተብሎ አይፈጥንም፤ ከገፉት ይቆጣል፣ የአራት ሳምንት ድካምም ይበላሻል።

«አይደርስም የኔታ። ብገፋው እጎዳዎታለሁ። አልገፋውም።»

«መልካም» አሉ፤ «በደረሰበት እንሄዳለን።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ቢሮ ሞላ። አባቴም ከቢቸና መጥተው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሰብሳቢው አቶ ጥሩነህ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ስብሰባ የሚመሩት ሁልጊዜ ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ነው። ሲያዩት ያስፈራል።

«መሪጌታ» አሉ፤ «ተሃድሶ ጀምረዋል የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አሉ የኔታ። «አምስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። የኔታ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ፤ «ያስገባኝም ይህ የወንድሜ ልጅ ነው።» እኔ በሩ የት እንደሆነ አየሁ። አባቴ ቆመውበታል።

«ቆይ ልጠይቅ» አሉ የኔታ። «ባለፈው ዓመት የዚህ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲታደስ ማን ስብሰባ ጠራ? የአቶ ጥሩነህ መታወቂያ በየዓመቱ ሲታደስስ ሃይማኖታቸውን ማን ጠየቀ?»

«በየሁለት ዓመቱ ነው» አሉ አቶ ጥሩነህ።

የኔታ ተነሱ። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ማንሳት ጀመሩ። ደረታቸውን አለፈ፤ ጢማቸውን አለፈ፤ አፍንጫቸውን አለፈ። ዓይናቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። እኔ ሳላውቀው በልቤ ስቆጥር ነበር። ሁለት ጣት። እሳቸው ግን አላወረዱትም።

«እስከዚህ ነው» አሉ። «ከአምስት ሳምንት በፊት ጢሜ ላይ ነበር የሚቆመው። ክንዴ ከተሰበረ ወዲህ መቋሚያ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ማኅሌት ላይ ከኋላ የቆምሁት ለዚህ ነው። ነውር መስሎኝ ደበቅሁት፤ ይቅር በሉኝ። ተሃድሶዬ የትከሻ ነው።»

ከጥግ የተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ደብተራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እኮ ትሕትና መስሎኝ ነበር» አሉ። «መሪጌታ ከኋላ እየቆሙ እኔ ከፊት ልቆም ነው ወይ ብዬ ከእርስዎም ኋላ ሄድሁ።»

«እኔም ከእርስዎ ኋላ» አሉ አጠገባቸው ያሉት።

ሌላው ደግሞ «ለዚህ ነው ለካ ሁላችንም ግድግዳው ላይ ተለጥፈን የከረምነው!» ሲሉ ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። የሳቁ መጨረሻ ላይ አባቴ ሲያለቅሱ አየኋቸው፤ እንዳላየሁ ሆንሁ። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ይጻፍ ብሎ ጠየቀ። አቶ ጥሩነህ አሰብ አደረጉና «የመሪጌታ ትከሻ በመታደስ ላይ መሆኑን ጉባኤው በደስታ ተቀብሏል፣ በል» አሉ። የኔታም ለንግሡ ከፊት እንዲቆሙ፣ መቋሚያቸውንም እጃቸው እስከደረሰበት ድረስ አንስተው እንዲመሩ ተወሰነ።

ሰዉ ሲወጣ እኔም ልወጣ ስል አቶ ጥሩነህ «አንተ ቆይ» አሉኝ። የሻይ ቤቱን ጩኸት ሊገሥጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው በሩን ራሳቸው ዘጉት። መስኮቱን አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ወገብም ትሠራለህ?» አሉኝ።

ለካ ስብሰባ ቆመው የሚመሩት መቀመጥ ስለማይችሉ ነው። ጠረጴዛውንም የሚደገፉት እንዳይወድቁ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አገር የፈራው ቁመና የወገብ ሕመም ኖሯል። የማላሠራበት ምክንያት አልነበረም። መዝገቦቹን ወደ ዳር ገፋሁና «ጫማዎን ያውልቁ፣ በጀርባዎ ይተኙ» አልሁ። ረዥሙ የጉባኤ ጠረጴዛ ላይ ተጋደሙ። ቀኝ እግራቸውን ቀጥ አድርጌ ቀስ እያልሁ ወደ ላይ ማንሳት ጀመርሁ፤ እሳቸውም የት ላይ እንደሚያማቸው በጣታቸው እያሳዩኝ «እዚህ... እዚህ... ኧረ እዚያ አይደለም!» ይላሉ።

በዚህ መካከል ጸሐፊው የረሳውን ማኅተም ሊወስድ በሩን ብርግድ አደረገው። ሰብሳቢው በጀርባቸው ተዘርግተው፣ አንድ እግራቸው ጣራውን እያየ፣ ባለ ካልሲው ተረከዛቸው በእጄ ላይ ነው። ጸሐፊው አፉን ከፍቶ ቀረ።

አቶ ጥሩነህ ራሳቸውን እንኳ አላዞሩም።

«በሩን ዝጋው» አሉ፤ «ስብሰባ ላይ ነን።»